ደሴ ላይ የኪችን ካቢኔት ልታሠሩ ነው? ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የማጠፊያውን ጉድጓድ እዩ

እንዴት ናችሁ የወሎ ልጆች። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ሐይቅም፣ ወልድያም ሆናችሁ ቤት እያደሳችሁ ወይም አዲስ ሠርታችሁ ኪችን ካቢኔት ለማሠራት ያሰባችሁ ካላችሁ ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ። የሱቁን ስም አልጽፍም። ሰው ማሳጣት አልፈልግም። የምፈልገው እኔ የከሰርኩትን ብር ሌላ ሰው እንዳይከስር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሚያዝያ ነው። ዕቁብ ወጣልኝና ከባለቤቴ ጋር "በቃ ዘንድሮ ማድቤቱን እናስተካክለው" ተባባልን። ሦስት አራት ቤት ዞርን። አንዱ ጋ ነጭ የሚያብረቀርቅ በር ግድግዳ ተደግፎ አየሁ። ፊቴ ይታይበታል። ባለሱቁ ትንሽ ዘይት ጠብ አደረገበትና በጨርቅ ጠረግ ሲያደርገው ምንም ምልክት የለውም። "ኤምዲኤፍ ነው፣ ውሃ አይነካውም። አብሽሪ እህቴ፣ ገንዳ ውስጥ ብታሳድሪው ምንም አይሆንም" አለኝ። ኤምዲኤፍ ማለት የላመ የእንጨት ጭረት በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ ነው። 11 በር ከነሳጥኑ በ95 ሺህ ብር ተስማማንና 60 ሺህ ቀብድ ቆጥሬ ሰጠሁት። ደረሰኝ አልሰጠኝም። የሰጠኝ በእጅ የተጻፈች ወረቀት ናት፤ "ካቢኔት ነጭ፣ 11 በር" ትላለች። የእንጨቱ ዓይነት የለም፣ ውፍረቱ የለም፣ ዋስትናው የለም። "አምስት ዓመት ዋስትና አለው" ያለኝ በአፉ ነው።

ሲገጠም በጣም አምሮ ነበር። ጎረቤቶች መጥተው ቡና ጠጡ፣ መረቁን። እናቴ ብቻ በሩን በጥፍሯ ኳ ኳ አድርጋ "ልጄ፣ ይሄ ነገር ባዶ ይመስላል" አለች። ያኔ ብሰማት ኖሮ ቀሪውን 35 ሺህ አልከፍልም ነበር።

ሐምሌ ገባ። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። የጦሳ ተራራ ጉም እንደለበሰ ይውላል፣ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅም፣ ብርዱን ፈርተን መስኮት ስለምንዘጋ የምጣዱም የድስቱም እንፋሎት እዚያው ማድቤት ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ አልዘጋ ያለኝ ከሲንኩ በታች ያለው በር ነው። ጎንበስ ብዬ የታችኛውን ጠርዝ በጣቴ ስዳስሰው ሻከረኝ። ከላይና ከጎን የጠርዙን ፕላስቲክ ለጥፈዋል፤ ከታች ማንም የማያየውን ግን ባዶውን ትተውታል። ዕቃ ሲታጠብ የሚንጠባጠበው ውሃ በዚያ ገብቶ በሩ ሻይ ውስጥ እንደነከሩት ዳቦ አብጧል።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ላርጎ ላወጣ ስከፍተው በሩ እጄ ላይ ቀረ። ማጠፊያው ሳጥኑ ላይ እንዳለ ነው። የተነቀለው ከበሩ በኩል ነው፣ ሁለቱ ብሎኖች ጥርሳቸው ውስጥ ሰጋቱራ ሞልቶ። ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ዘግኜ መስኮቱ አጠገብ ሄጄ አየሁት። ስንጥርጥር ያለ የእንጨት ፍርፋሪ ነው፣ አንዳንዱ የሩዝ ፍሬ ያክላል። ኤምዲኤፍ እንዲህ አይደለም። ኤምዲኤፍ ሲቦረቦር እንደ ዱቄት የላመ ነው የሚወጣው። እኔ የተሸጠልኝ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር የተለበጠበት ችፑድ ነው፣ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ።

ችፑድ ራሱ መጥፎ ዕቃ ነው እያልኩ አይደለም። ለመጽሐፍ መደርደሪያ፣ ለቁም ሳጥን፣ በደረቅ ክፍል ብዙ ዓመት ያገለግላል፣ ዋጋውም ይቀላል። ችግሩ ማድቤት ውስጥ ነው። ፍርፋሪው የተያያዘበት የተለመደው ሙጫ እርጥበት ሲያገኘው ይለቃል፣ ፍርፋሪው ያብጣል፣ አንዴ ካበጠ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ነበረበት አይመለስም። ብሎንም አጥብቆ አይዝም። እውነቱን ነግሮኝ በችፑድ ዋጋ ቢሸጥልኝ ኖሮ ቢያንስ የሲንኩን በር በሌላ ነገር አሠራ ነበር። በኤምዲኤፍ ስም፣ በኤምዲኤፍ ዋጋ መሸጡ ነው ያቃጠለኝ።

ሱቁ ሄድኩ። ያ ግድግዳ የተደገፈው በር እዚያው አለ። አገላብጬ ሳየው አራቱም ጠርዙ የተለበጠ፣ ከባድ፣ ጥሩ በር ነው። ለማሳያ የሚያስቀምጡት ሌላ፣ ቤት የሚልኩት ሌላ። ባለሱቁ "ውሃ አስነክታችሁት ነው" አለኝ። ማድቤት ውስጥ፣ ከሲንክ ሥር ያለ በር ውሃ ነካው ብሎ እኔን ጥፋተኛ አደረገኝ። ገንዳ ውስጥ ብታሳድሪው ያልከኝስ ስለው "እሱ የአባባል ነው" አለ።

ንግድ ጽህፈት ቤትም ጠየቅሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል አለ። በእሱ መሠረት የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ካለበት፣ በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርላችሁ ወይም ብራችሁ እንዲመለስላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ውላችሁ ወይም ዋስትናችሁ ከዚህ የተሻለ ከሰጣችሁ ደግሞ እሱ ይሠራል። የኔ ጉድለት የታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ዋስትናው በአፍ ነው። ደረሰኝ የለኝም። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ደረሰኝ ያልሰጣችሁን ሰው ብር አትስጡት፣ "ያለ ደረሰኝ ከሆነ ቀነስ አደርግልሻለሁ" ቢላችሁም። የቀነሰላችሁ በኋላ የምትከራከሩበትን ወረቀት ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ እንዴት ታውቁታላችሁ የሚለው። ከዚያ ወዲህ አናጺ ዘመዶቼን እየጠየቅሁ፣ በየእንጨት ቤቱ እያየሁ የተማርኩት ነው።

አብዛኛው የካቢኔት በር ማጠፊያ የሚገባበት ክብ ጉድጓድ አለው፣ ብዙውን ጊዜ ስፋቱ 35 ሚሊሜትር ነው። የበሩ ሆድ የሚታየው እዚያ ነው። ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ይለበጣል፣ ጉድጓዱን ግን ማንም አይለብጠውም። "ማጠፊያውን ፍታልኝ" በሉ። ሁለት ብሎን ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ውስጡ ፍርፋሪ ከሆነ ችፑድ ነው። ቡናማ ሆኖ እንደተጠቀጠቀ ዱቄት ልስልስ ካለ ኤምዲኤፍ ነው። ስስ ስስ ሆኖ ተደራርቦ ከታየ ኮምፔርሳቶ ነው። ይህን በማሳያው ላይ ብቻ ሳይሆን ቤታችሁ በሚመጡት በሮች ላይ፣ ቀሪውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት አድርጉት። ፈትቶ ለማሳየት ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ጋ አትቆዩ።

አንዳንዱ ጉድጓዱ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም አሳይቶ "ይኸው፣ ውሃ የማያስገባው" ይላችኋል። አረንጓዴው ምልክት ለማድረግ የሚገባ ቀለም ነው፣ በራሱ ውሃ አይከላከልም። እውነተኛው አረንጓዴ ሰሌዳ እርጥበትን የሚቋቋም ሙጫ ስላለው ከተራው ይሻላል፣ ለእንፋሎት ጥሩ ነው። ቢሆንም ውሃ ውስጥ አይዋኝም። ጠርዙ ካልተዘጋ እሱም ያብጣል።

ቁራጭ ጠይቁ። ሲቆርጡ የሚተርፍ አይጠፋም። ውፍረቱን በማስመሪያ ለኩ፣ ለበር የሚሠራበት ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 18 ሚሊሜትር ነው። ውሃ ባለበት ጆግ ውስጥ አሳድሩትና ጠዋት እንደገና ለኩት። እኔ በኋላ በአራት ዓይነት ቁራጭ ሞክሬዋለሁ። የኔ በር ቁራጭ ጠዋት በጣቴ ስጫነው ገባ። ጥሩው ኮምፔርሳቶ እንደነበረ ነው ያደረው።

ጠርዝ ላይ ጥፍራችሁን አስገቡ። በማሽን በጋለ ሙጫ የተለጠፈ ከሆነ ጥፍር አያስገባም። በእጅ ኮላ ተቀብቶ የተለጠፈው ግን ጥግ ጥጉ ላይ ይነሳል፣ በምድጃ ሙቀት ደግሞ ይብስበታል። አራቱንም ጎን እዩ። በተለይ የታችኛውን።

ስለ ጽዳት ደግሞ፣ እኛ የምናበስለውን እናውቃለን። ቁሌት ሲቁላላ የሚፈናጠረው ዘይትና በርበሬ፣ የእርዱ ቢጫ፣ የቅቤው ቅባት በየቀኑ በሩ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ፊቱ ላይ የተቀረጸ አበባና ቦይ ያለው በር ሲያዩት ያምራል እንጂ የበርበሬና የአቧራ ጎተራ ነው። እህቴ ኮምቦልቻ እንዲያ ያለ አሠርታ ቅዳሜ ቅዳሜ ቦዩን በጥርስ ብሩሽ ስትፈገፍግ ነው የምትውለው። ሜዳ የሆነ፣ ዝም ያለ በር ውሰዱ። ሰሌዳው ላይ የሚለበጠው ሜላሚን ወይም ፎርማይካ ጥሩ ከሆነ ቅባቱ በሞቀ ውሃና በትንሽ ላርጎ ወዲያው ይለቃል። በጣም የሚያብረቀርቀው ቅባቱ ቶሎ ይለቃል፣ ግን የልጅ ጣት ሁሉ ይታይበታል፣ ጥቁር ወይም ደማቅ ከሆነ ደግሞ ጭረቱ አይደበቅም። የብረት ሽቦና ኦሞ በደረቁ ከነካው አለቀለት፣ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ። እርድ ነጭ በር ላይ ካደረ እንደማይለቅ ግን ልንገራችሁ፣ የኔ ሁለቱ በሮች ላይ አሁንም አለ።

በላስቲክ የተሸፈነ በር ከምድጃ አጠገብ አታድርጉ። በሙቀት ነው ኤምዲኤፉ ላይ የሚለጠፈው፣ በሙቀት ይላቀቃል። ምጣዱ ወይም የከሰል ምድጃው ከካቢኔቱ ሥር የሚቀመጥባችሁ ከሆነ ጥጉ ሊጠቀለል ይችላል። በሩን ሙሉ በሙሉ ከፒቪሲ ፕላስቲክ የሚሠሩም አሉ። እሱ በውሃ አያብጥም፣ ለሲንክ ሥር ጥሩ ነው፣ ከእሳት ግን መራቅ አለበት፣ ብሎን አያያዙም ላላ ያለ ነው። አያቴ ቤት ያለው የዋንዛ ቁም ሳጥን እኔ ሳልወለድ የተሠራ ነው፣ በሩ ዛሬም ይገጥማል። ዛሬ ዋንዛ ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሳይደርቅ ነው የሚሠራው፣ ያልደረቀ እንጨት ደግሞ በሁለት ወር ይጣመማል። ስለዚህ ዋንዛ ስለተባለ ብቻ አትጓጉ።

ወረቀቱ ላይ ይህ ይጻፍ፦ የሰሌዳው ዓይነት፣ ውፍረቱ በሚሊሜትር፣ አራቱም ጠርዝ የሚለበጥ መሆኑ፣ የዋስትናው ጊዜ፣ እና ዋስትናው የውሃ እብጠትንና የማጠፊያ መነቀልን የሚሸፍን መሆኑ። ቀብድ ከግማሽ በላይ አትስጡ። እኔ 60 ሺህ አስቀድሜ ስሰጥ ሰውየው እኔን ለማስደሰት የሚያስብበት ምክንያት ነው የጠፋው።

አሁን ሦስቱን በሮች ሌላ አናጺ በኮምፔርሳቶ ሠርቶልኛል፣ ላዩን ፎርማይካ አልብሶ፣ ማጠፊያውን እኔው ፊት ፈትቶ አሳይቶኝ። ስምንቱ እስኪወድቁ እየጠበቅሁ ነው። የታችኛውን ጠርዛቸውን አድርቄ በሲልከን ዘግቼዋለሁ፣ ትንሽ ጊዜ ይሰጠኛል። የተነቀለውን በር አልጣልኩትም፣ በረንዳ ላይ ነው። ሊያሠሩ ያሰቡ ጎረቤቶቼ እየመጡ ጉድጓዱን በጣታቸው እየነኩ ያዩታል። እናንተም ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ ምን ዓይነት ሰሌዳ እንደሆነና ስንት ወር እንደቆየ ጻፉልኝ፤ በተለይ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ውስጥ ያላችሁ፣ ላስቲኩ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ እፈልጋለሁ።