ምላጩ የሚቀየር ተጣጣፊ ሴንጢ፦ ከመግዛት በፊት የሚጠቅም ንጽጽር

ምላጩ የሚቀየር ተጣጣፊ ሴንጢ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚመለከተው ስለቱን ነው። ይሁን እንጂ ለምርጫ እምብዛም የማያስቸግረው ክፍል ስለቱ ነው፤ ምክንያቱም እንዲህ ያሉ ሴንጢዎች በአብዛኛው የሚቀበሉት ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 19፣ ውፍረቱ ደግሞ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን፣ ብዙ አምራቾች በተቀራራቢ መጠን የሚሠሩትን ባለ ትራፔዝ ቅርጽ ምላጭ ነው። ምላጩ ሲደነዝ ተነቅሎ ይጣላል፣ እጀታው ግን ለዓመታት ያገለግላል። ስለዚህ ከዚህ በታች አንዱን ከሌላው የማወዳድረው በዋናነት በአንድ ጥያቄ ነው፦ እጀታው ምላጩን ምን ያህል አጥብቆ ይይዛል?

ከሌሎች መቁረጫዎች ጋር ሲነጻጸር

በብዙ ቤትና ቢሮ የሚታወቀው ተፎካካሪ ስለቱ ክፍል በክፍል እየተሰበረ የሚታደሰው ካተር ነው። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1956 በጃፓን የፈለሰፈው ኦካዳ ዮሺዮ ሲሆን፣ ኦልፋ የተባለው ኩባንያም የተነሣው ከዚሁ ሥራ ነው። ካተር ተጣጣፊው ሴንጢ የማይደርስበት አንድ ብልጫ አለው፤ ስለቱን እንዳስፈላጊነቱ ማስረዘም ይቻላል። ተጣጣፊው ከእጀታው ውጭ የሚያወጣው ስለት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ወፍራም ስፖንጅ ወይም የሙቀት መከላከያ ፎም በአንድ ጊዜ ለመቁረጥ 18 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው ካተር ይመረጣል። በአንጻሩ የካተር ስለት እንዲሰበር ታስቦ የተሠራ በመሆኑ፣ ጠንካራ ምንጣፍ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ ወደ ጎን በትንሹ ሲጣመም ሥራው ሳያልቅ ሊሰበር ይችላል። ለወረቀትና ለስስ ነገር ካተር፣ ግፊት ለሚጠይቅ ሥራ ደግሞ ተጣጣፊው ይሻላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ተፎካካሪ እጀታው የማይታጠፍ፣ ምላጩ በአውራ ጣት እየተገፋ የሚወጣና የሚገባ መቁረጫ ነው። የሚጠቀመው ያንኑ ባለ ትራፔዝ ምላጭ ቢሆንም፣ ምላጩን በከፊል ብቻ ለማውጣት የሚያስችሉት አሉ። ካርቶን ሲከፍት በውስጡ ያለውን ዕቃ መቅደድ ለማይፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ቀኑን ሙሉ ካርቶን የሚከፍት ሠራተኛማ ምላጩ ከቆረጠው ነገር እንደወጣ በራሱ ተመልሶ የሚገባበትን ዓይነት መግዛት አለበት እንጂ ተጣጣፊ ባይገዛ እመክራለሁ፤ የተዘረጋ ተጣጣፊ ሴንጢ ሰው ካላጠፈው በስተቀር ስለቱ እንደወጣ ይቆያልና። ተጣጣፊው የሚበልጠው በአያያዝ ነው። ሲታጠፍ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆንና ምላጩ ወደ እጀታው ስለሚገባ፣ መሰላል ለሚወጣና ለሚወርድ፣ መሣሪያውን በሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ከኪሱ ለሚያወጣ ባለሙያ ይመቻል።

ተስሎ የሚሠራበት መደበኛው ሴንጢ ደግሞ ረዘም ያለና ጠንካራ ስለት ስላለው እንጨት ለመቅረጽም ሆነ ለምግብ ይውላል። ባለ ተቀያሪ ምላጩ ለምግብ አይሆንም፤ አዲስ ምላጭ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ከዝገት የሚከላከል ዘይት ተቀብቶ ሲሆን፣ በምላጩና በመያዣው መካከል ያለው ክፍተትም ለማጽዳት ያስቸግራል። ሆኖም መሳል ለማይወድ ወይም ጊዜ ለሌለው ሰው፣ የደነዘ ስለት ነቅሎ በአዲስ መተካት የሚሰጠው እረፍት ቀላል አይደለም።

መቆለፊያው

ከተጣጣፊዎቹ መካከል ሲመረጥ ዋናው ልዩነት የሚታየው በመቆለፊያው ነው። በእጀታው ውስጥ ያለ ስስ የብረት ቅጠል ወደ ጎን ተወርውሮ ምላጭ ያዡን ከኋላ የሚደግፍበት ዓይነት ቀላልና በአንድ እጅ የሚከፈት ነው። ችግሩ በሚታጠፍበት ጊዜ ቅጠሉን የሚገፋው አውራ ጣት ስለቱ በሚመለስበት መንገድ ላይ መቆሙ ነው። ጣቱን በጊዜው ለማንሣት ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ጓንት ላደረገ ሰው ደግሞ ይብሳል። በጀርባው በኩል ተጭነው የሚከፍቱት መቆለፊያ ጣትን ከስለቱ መንገድ ያርቃል፤ ነገር ግን ለማጠፍ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ የኪስ ብናኝ ጥርሱ ውስጥ ከተጠቀጠቀም በደንብ ላይቆልፍ ይችላል። በጎኑ ባለ ቁልፍ የሚለቀቀው ሦስተኛው ዓይነት ፈጣን ሲሆን ጣትንም ከአደጋ ያርቃል። ለምሳሌ ሚልዋኪ ፋስትባክ ቁልፉን ተጭኖ እጅን ወዝወዝ በማድረግ በአንድ እጅ ይዘረጋል። እኔ ለዕለታዊ ሥራ የማስቀድመው ይህን ዓይነቱን ነው፤ ሆኖም በጂፕሰምና በሲሚንቶ አቧራ መካከል የሚሠራ ሰው ቁልፉ እንዳይያዝበት በየጊዜው አቧራውን ማራገፍና በጥቂት ዘይት ማለስለስ ይኖርበታል።

መቆለፊያውን ሳይፈትኑ መግዛት አይገባም። ሻጩ ከፈቀደ ምላጩ ተነቅሎ፣ ምላጭ ያዡ ተዘርግቶ ከተቆለፈ በኋላ ጀርባውን በመዳፍ ጫን ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ የሚታጠፍ ወይም ማጠፊያው ላይ ወደ ግራና ቀኝ የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ሌላው ነገሩ የቱንም ያህል ቢያምር መተው ይሻላል።

ምላጩ የሚያዝበትና የሚቀየርበት መንገድ

ምላጩ የሚለቀቀው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ትንሽ ቁልፍ ሲጫኑ ምላጩ ተስቦ የሚወጣበት ሲሆን፣ ሌላው ምላጩን በሁለት ላሜራ መካከል አስገብቶ በቪቲ የሚያጠብቅ ነው። ገርበር ኢኤቢ የሚባለው ትንሽ ሴንጢ ከሁለተኛው ወገን ነው። ባለ ቪቲው ምላጩን ግጥም አድርጎ ይይዛል፣ ስስና ቀላል አድርጎ ለመሥራትም ያመቻል። ሆኖም ምላጭ በተቀየረ ቁጥር ካቻቪቴ ይፈልጋል፣ ትንሿ ቪቲም ሥራ ላይ ከወደቀች አትገኝም። ባለ ቁልፉ በጥቂት ሰከንድ ይቀየራል፤ ነገር ግን በርካሽ የተሠራው የምላጩን ጀርባ ጥርሶች በደንብ ስለማይጨብጥ ምላጩ ይነቃነቃል። በብረት ማስመሪያ ጠርዝ ረጅም ቀጥ ያለ መስመር ለመቁረጥ ሲሞከር መነቃነቁ ወዲያው ይታወቃል፤ እጅ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የምላጩ ጫፍ ግን ዘመም ብሎ ይከተላል። ይህን ከመግዛት በፊት ለማወቅ የምላጩን ጫፍ እንጨት ላይ አስደግፎ እጀታውን በቀስታ ወደ ጎን መሞከር፣ ከዚያም ምላጩን በጣት ሳይሆን በፒንሳ ይዞ ወደ ፊት ሳብ ማድረግ በቂ ነው። ቁልፉ ሳይነካ ተስቦ የሚወጣ ምላጭ፣ ካርቶን ውስጥ ተሰክቶ ሲጎተትም ሊወጣ ይችላል።

በየቀኑ ብዙ ለሚቆርጥ ባለ ቁልፉን፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ገመድና ማሸጊያ ለሚቆርጥ ደግሞ ቀለል ያለውን ባለ ቪቲ እመርጣለሁ። ትርፍ ምላጭ በእጀታው ውስጥ የሚይዝ ከተገኘ ለመጀመሪያው ሰው በእጅጉ ይጠቅመዋል፤ ለሁለተኛው ግን ክብደት ከመጨመር ሌላ ብዙ ትርጉም የለውም።

ስለ መጠኑ አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም። ምላጩ ራሱ 6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ስላለው እጀታው ያለ ልክ ሊያንስ አይችልም፤ እጅግ አጭር የሆኑት ደግሞ ሦስት ጣት ብቻ ስለሚይዙ ጠንከር ያለ ነገር ሲቆረጥ እጅ ይንሸራተታል። ለሥራ የሚገዛ ከሆነ አራቱም ጣቶች እጀታውን የሚጨብጡበት ይሁን። ከአሉሚኒየም የተሠራው ከዚንኩ ይቀላል፤ ቀለሙና ጌጡ ለምርጫ የሚያበቃ ነገር አይደለም።

ምላጩን በተመለከተ ተራው የካርቦን ብረት ምላጭ ርካሽና እጅግ ስል ነው፤ ግን ይዝጋል፣ ወደ ጎን ሲጣመምም ተሰባሪ ነው። ከሁለት ብረት የሚበየደው ምላጭ ጠርዙ ከጠንካራ ብረት፣ ጀርባው ደግሞ እንደ ሞላ ከሚለጠጥ ብረት ስለሚሠራ፣ ከመሰበር ይልቅ መጎበጥ ይቀናዋል፣ ስለቱም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ሻካራ ምንጣፍ ለሚቆርጥ ሰው የዋጋውን ልዩነት የሚክስ ይመስለኛል። መንጠቆ ቅርጽ ያለውን ምላጭ የሚፈልግ ግን ሴንጢው መንጠቆውን እንደያዘ መታጠፍ መቻሉን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ ሁሉም እጀታ አይቀበለውም።

አጠቃቀም

ጂፕሰም ቦርድ ሲቆረጥ የላዩን ወረቀት በስለቱ ማስመር፣ ቦርዱን በመስመሩ ላይ መስበር፣ ከዚያም የጀርባውን ወረቀት መቁረጥ ነው እንጂ ውፍረቱን ሁሉ በምላጭ መዝለቅ አያስፈልግም። ለወፍራም ፕላስቲክና ለላስቲክ ምንጣፍም እንዲሁ በአንድ ከባድ ግፊት ከመቁረጥ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀለል አድርጎ መመላለስ ይሻላል፤ ምላጭ የሚያመልጠው ኃይል ሲበዛ ነው። ዕቃውን የሚይዘው እጅ ሁልጊዜ ከስለቱ ኋላ መሆን አለበት። በምላጩ የቀለም ጣሳ ክዳን መፈልቀቅ፣ ቪቲ ማዞርም ሆነ ምስማር መንቀል ፈጽሞ አይገባም፤ የሚሰበረው ቁራጭ ወደ ዓይን ሊበር ይችላል። ምላጩ አንደኛው ጫፉ ሲደነዝ ተገልብጦ በሌላው ይሠራል። ሁለቱም ካለቁ በተራ ቆሻሻ ውስጥ መጣል ቆሻሻ የሚያነሣውን ሰው ስለሚጎዳ፣ በክዳን በሚዘጋ ጣሳ ማጠራቀም ያስፈልጋል።

በኪስ ይዞ ስለመሄድ ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል፤ አንዳንዴ ጣትን የሚጠብቀው መቆለፊያ ራሱ ጉዳዩን ያከብደዋል። ለምሳሌ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ሕግ ስለቱ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ተጣጣፊ የኪስ ሴንጢ ያለ ምክንያት በአደባባይ ሊያዝ ይችላል፤ ፍርድ ቤቶች ግን ተዘርግቶ የሚቆለፈውን ሴንጢ ከዚህ ፈቃድ ውጭ አድርገውታል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን የያዘ ሰው እንደ ሥራ ያለ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። በአውሮፕላን ጉዞ ደግሞ ሴንጢውም ትርፍ ምላጩም ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ፣ ስለቱ ተሸፍኖ ይቀመጣል።