የልጆች ውሃ መያዣ፦ ሃይላንድ ወይስ ስቲል?

የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ልጅን ያለ ውሃ ትምህርት ቤት መላክ አይቻልም። እኛ ቤት ለዓመታት ያገለገለው ባዶ ሃይላንድ ነው። ቀላል ነው፣ ቢጠፋም አያናድድም።

ችግሩ ሙቀቱ ላይ ነው። ከሥሩ ቁጥር 1 የተጻፈበት የሃይላንድ ፕላስቲክ ቢስፌኖል ኤ (ባጭሩ ቢፒኤ) የሚባለው የፕላስቲክ መሥሪያ ኬሚካል የለውም። ግን ሲመረት አብዛኛውን ጊዜ አንቲሞኒ የሚባል ንጥረ ነገር ይገባበታል። ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ ሲውል ወደ ውሃው የሚወጣው መጠን ይጨምራል። ትኩስ ሻይ መቅዳትማ አይታሰብም። ቢስፌኖል ኤ ያለው እንደ መስታወት ጥርት ባለው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ በፖሊካርቦኔት ውስጥ ነው። ሆርሞን ያውካል በሚል ስጋት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ከሕፃናት ጡጦ አግዶታል። «ቢፒኤ የለውም» የሚለው ጽሑፍም ብዙ አያጽናናኝም፤ አንዳንዱ አምራች የተካው በዘመዱ በቢስፌኖል ኤስ ነው።

ስቲሉ ውድ ነው፣ ይከብዳል፣ ሲወድቅ ይሰረጎዳል። ግን ውስጡ ቅብ አያስፈልገውም። 18/8 የሚል ካለበት 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው ማለት ነው፤ ዝገቱን የሚከላከለው በዋናነት ክሮሚየሙ ነው። ከአሉሚኒየም ጋር እንዳታምታቱት! አሉሚኒየም ውስጡ ይቀባል፤ በቅቡም ቢስፌኖል ኤ ሊኖር ይችላል። የስቲሉ ክዳን ግን ብዙ ጊዜ ያው ፕላስቲክ ነው፤ ምን ይደረግ።

ለልጆቹ ስቲል ገዛሁ። ሃይላንዱ በረንዳ ላይ አበባ ማጠጫ ሆኗል።