ሰብለ ወንጌል ወይስ ጉዱ ካሣ? ካገለገለ ልብስ አዲስ ንድፍ ለሚያወጡ ተማሪዎች

ካገለገለ ልብስ አዲስ የሚሠሩ የፋሽን ዲዛይን ተማሪዎች መነሻቸውን ከልቦለድ ገጸ ባሕርይ መውሰድ ቢፈልጉ፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሁለት የተለያዩ መንገዶችን ያሳያቸዋል።

የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል የምታስታውሰን ያረጀ የሐበሻ ቀሚስንና ነጠላን ነው። ጨርቁ ቢሳሳም ጥለቱ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ስለሚቆይ፣ በጥንቃቄ ተቆርጦ በአዲስ ልብስ አንገት ወይም እጅጌ ላይ ሊሰፋ ይችላል፤ ሆኖም በእጅ የተሸመነ ሸማ ሲቆረጥ ጠርዙ ቶሎ ስለሚተረተር፣ መቀስ ከማንሳት በፊት የሚቆረጠውን መስመር ዳርና ዳር በመኪና ሰፍቶ ማጥበቅ፣ ከሥሩም ገበር ማድረግ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ተማሪ የሸማኔውን ድካም ያባክናል፤ ይህም ከልብ ያሳዝነኛል።

ጉዱ ካሣ የዘመኑን ሥርዓት በመተቸቱ እንደ እብድ የተቆጠረ ሰው ነው። ስለዚህ የሰልባጅ ኮትን ገበሩን ወደ ውጭ ገልብጦ፣ ስፌቱን ሳይደብቁ ከጂንስ ቁራጭ ጋር ማጋጠም አቋሙን በሚገባ ይገልጻል። ለጂንሱ 16 ቁጥር መርፌ ይበቃል።

ለጀማሪ ጉዱ ካሣን እመርጣለሁ፤ ጂንስ ተፈትቶ ደግሞ ቢሰፋ ይችላል፣ የተበላሸ ጥለት ግን አይመለስም። ሸማ መቁረጥን በሚገባ የተለማመደ ተማሪ ወደ ሰብለ ወንጌል ቢሻገር ደስ ይለኛል።