ፕላስሞዲየም፦ የወባው ወይስ የሻጋታው?

ፕላስሞዲየም ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ወባ ነው። ልክ ነን። ሴቷ አኖፊለስ ትንኝ ስትነክሰን ወደ ደማችን የምታስገባው ጥገኛ ተሕዋስ ስሙ ይሄው ነው። መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈነዳል። ያኔ ነው ብርድ ብርድ የሚለን። በአገራችን ዋናዎቹ ዝርያዎች ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ናቸው።

ሌላኛው ፕላስሞዲየም ግን ማንንም አያሳምምም። በበሰበሰ ግንድ ላይ ቀስ እያለ የሚሳብ፣ ልጋጋም ሻጋታ የምንለው ፍጡር አንዱ የዕድገት ደረጃ ነው። በነገራችን ላይ፣ ሻጋታ ይባል እንጂ ከእውነተኛው የሻጋታ ወገን አይደለም። ከልጋጋም ሻጋታዎች አንዱ የሆነውን ቢጫውን ፊሳረም ብታዩት የፈሰሰ የእንቁላል አስኳል ይመስላል። መዳፍ የሚያህለው ሁሉ አንድ ሕዋስ ነው፤ ውስጡ ግን ኑክሊየሱ (የሕዋስ እምብርቱ) ስፍር ቁጥር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነ ሙከራ፣ ተመራማሪዎች በቶኪዮ ዙሪያ ያሉ ከተሞችን አቀማመጥ ተከትለው አጃ አኖሩለት። እሱም ከአካባቢው የባቡር መስመር ጋር የሚቀራረብ መረብ ዘረጋ። ይሄ ሁሌም ይደንቀኛል።

ስሙ መጀመሪያ የሻጋታው ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1863 ጀምሮ። የወባው በ1885 ተከተለ። ጣሊያኖቹ ማርኪያፋቫና ቼሊ ተሕዋሱ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ቅርጹን እየቀያየረ ሲንቀሳቀስ አይተው ነው የሰየሙት። ስለዚህ «ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ» የሚል ካነበባችሁ ወባ ነው፤ «የፊሳረም ፕላስሞዲየም» ከሆነ ደግሞ ሻጋታው።