ዩሪያ፣ ኤንፒኤስ ወይስ ገለባው? ለስንዴ ምን ልግዛ ለምትሉ

"ብሩ ለአንድ ጆንያ ማዳበሪያ ብቻ ነው የሚበቃኝ፣ የቱን ልውሰድ?" ይሄን ከመራዊም ከባሕር ዳር ዙሪያም ስንቱ ይጠይቀኛል። ችግሩ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

50 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፣ ለሰብሉ የሚሆን ሌላ ምግብ የለም። 50 ኪሎ ኤንፒኤስ ውስጥ ግን ናይትሮጅኑ 9.5 ኪሎ ብቻ ሲሆን ዋናው 19 ኪሎ ፎስፌቱ (ፎስፈረስ የሚሰጠው) ነው፣ 3.5 ኪሎ ሰልፈርም አለው። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ከወደቀበት ብዙ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ከዘሩ ጋር ካልገባ፣ በኋላ ከላይ ቢበተን ሥሩ አያገኘውም። ማሳው አሲዳማ ከሆነ ደግሞ አፈሩ ይዞ ያስቀረዋል፣ መጀመሪያ አሲዱን የሚቀንስ ኖራ ጨምሩበት።

የኔ ምክር? ከጎረቤት ጋር አንድ አንድ ጆንያ ገዝታችሁ ተካፈሉ። ይሄ ካልሆነና በየዓመቱ ኤንፒኤስ ሳታቋርጡ የከረማችሁ ከሆነ፣ ከቀደመው የተረፈ ፎስፈረስ አፈሩ ውስጥ ስለሚኖር ዘንድሮ ዩሪያውን ውሰዱ።

ዩሪያ ግን አመለኛ ነው። አንዴ እርጥብ መሬት ላይ በትኜ ዝናቡ ቀረ፣ ፀሐዩ ከረረ፣ ከዚያ ማሳው ዳር ስቆም አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ተቀበለኝ። ብሬ ነበር የሚተነው። የተወሰነውን ስትዘሩ፣ የቀረውን ደግሞ ከወር ከምናምን በኋላ ቡቃያው ከሥሩ ሌላ ማብቀል ሲጀምር ስጡት። መራዊ አጠገብ ባለው የቆጋ ግድብ በመስኖ የምታለሙ የውኃ ተራችሁ ሲቃረብ በትኑ፣ ግን ውኃው ተርፎ ወደ ቦይ እንዳይወጣ። ከቆጋ የወጣው በግልገል ዓባይ አድርጎ ጣና ነው የሚገባው፤ በገዛ ብራችሁ ሐይቁን የወረረውን አረም፣ እምቦጭን፣ መቀለብ ማለት ነው።

ገለባው ላይ እንምጣ። አውድማ ድረስ መጥቶ የሚገዛ ሲገኝ ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግን ስንዴው ከመሬቱ የወሰደው ፖታሲየም አብዛኛው የቀረው እዚያው ገለባ ውስጥ ነው፣ ከላይ ያሉት ሁለት ጆንያዎች ውስጥ ደግሞ ፖታሲየም የሚባል ነገር የለም። ሸጣችሁት ማለት መልሳችሁ የማትገዙትን ሸጣችሁ።

ለከብት መስጠቱ ይሻላል፣ ፍጉ ወደ ማሳው ከተመለሰ። ኩበት ሆኖ ምድጃ ከገባማ ያው ነው። አርሶ መቅበርም ጥሩ ነው፣ ግን እንዳጨዳችሁ ይሁን፤ ዘር ሲደርስ ከቀበራችሁት የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ስለሚሻሙት ቡቃያው ቢጫ ይሆናል። ማቃጠሉን ተዉት፣ ናይትሮጅኑም ሰልፈሩም ጭስ ሆኖ ይሄዳል።

ስትገዙ ጆንያውን ከውጭ ጫን ጫን አድርጉት። ረግቶ ድንጋይ የሆነ ዩሪያ እርጥበት አግኝቶታል፤ ፈጭታችሁ ካልሆነ እኩል አይበተንም። ከተጠራጠራችሁ እርጥብ መዳፍ ላይ ቆንጠር አድርጋችሁ እሹት። ዩሪያ ከሆነ ሲሟሟ እጃችሁ ቀዝቀዝ ይላል።