ሜሳ እና ያገለገለ ካርድ፦ ለጎንደር ጌም ቤቶችና ተማሪዎች

የኤኤምዲን ግራፊክስ ካርድ አርኤክስ 570 ወይም 580 ስላይትሊ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ዛሬ ለካርዱ ከሁሉም የሚሻለው ድራይቨር (ሲስተሙን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) ሊኑክስ ላይ የሚሠራው ኦፕን ሶርሱ ሜሳ ነው። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ እነዚህ ካርዶች ያሉበትን የፖላሪስ ትውልድ በዊንዶውስ ከመደበኛው ማሻሻያ አውጥቶ አስፈላጊ ጥገና ብቻ ወደሚያገኝበት መስመር አዛውሮታል። ሜሳ ግን በየሦስት ወሩ ገደማ አዲስ እትም ያወጣል፤ ፖላሪስንም አልጣለም። ፒያሳ ላይ ጌም ቤት ለሚከፍት፣ ወይም ማራኪ ግቢ አካባቢ በተማሪ ኪስ ኮምፒውተር ለሚገጣጥም ሰው አሮጌው ካርድ ገና ብዙ ዕድሜ አለው።

ድራይቨሩ ሁለት ክፍል ነው። ኤኤምዲጂፒዩ ከከርነሉ (ከሊኑክስ ማዕከላዊ ክፍል) ጋር አብሮ ይመጣል፤ ሜሳ ደግሞ ከላይ ተቀምጦ የጌሙን ትእዛዝ ካርዱ ወደሚገባው ቋንቋ ይለውጣል። የዊንዶውስ ጌም በስቲም ስትከፍቱ ፕሮቶን (የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ የሚያስኬደው የስቲም መሣሪያ) ውስጥ ያለው ዲኤክስቪኬ የዊንዶውሱን የግራፊክስ ቋንቋ ዳይሬክትኤክስ 11ን ሊኑክስ ላይ ወደሚሠራው ቩልካን ይቀይራል፤ ለ12 ይህን የሚሠራው ቪኬዲ3ዲ ፕሮቶን ነው። ቩልካኑን ተቀብሎ የሚያስኬደው የሜሳ አካል ራድቪ ይባላል። በ2016 የጀመሩት ከኤኤምዲ ውጭ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። ኩባንያው የራሱን ኤኤምዲቪኤልኬ ለዓመታት ጎን ለጎን ሲያወጣ ቆይቶ በ2025 አቁሞታል፤ ድጋፉንም ለራድቪ ሰጥቷል። የቆየ መመሪያ ተከትላችሁ ኤኤምዲቪኤልኬን ጭናችሁ ከሆነ አጥፉት፤ ሁለቱ አንድ ማሽን ላይ ሲገናኙ ጌሙ የተሳሳተውን ሊይዝ ይችላል።

ቀድሞ የሊኑክስ ተጫዋች ዋና ምሬት አዲስ ቦታ በገባ ቁጥር ጌሙ ለቅጽበት ስታክ ማድረጉ ነበር፤ ሼደሩ (ካርዱ ምስሉን የሚሥልበት ትንሽ ፕሮግራም) የሚዘጋጀው እዚያው በጨዋታው መሃል ስለሆነ። የስቲም ባለቤት ቫልቭ ያሠራው፣ ሼደሩን ለካርዱ የሚያዘጋጅ ኤሲኦ የተባለ ኮምፓይለር ከሜሳ 20.2 ጀምሮ የራድቪ መደበኛ ሆነና የዝግጅቱን ጊዜ በጣም አሳጠረው። ከ23.1 ወዲህ ደግሞ ሼደሮቹን ከፋፍሎ አስቀድሞ የሚያዘጋጀው አሠራር ማንም ሳይነካው በርቶ ይመጣል። ይህ ለእኛ አገር ተጠቃሚ የዳታ ቁጠባ ነው። ስቲም በየጊዜው የሚያወርደውን የሼደር ክምችት ከሴቲንግ ውስጥ ዳውንሎድስ የሚለው ሥር ገብታችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ፤ በራድቪ ላይ የምታጡት ጥቂት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ አንዳንድ ጌሞች መሃል የሚገባው ቪዲዮ ከዚሁ ክምችት ጋር ስለሚመጣ፣ በቪዲዮው ፋንታ ባለቀለም ሰንበር ካያችሁ መልሳችሁ አብሩት።

ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት 24.04 እትም ላይ የግድ ለብቻው መጫን ያለበት የኤኤምዲ ድራይቨር የለም፤ ከሲስተሙ ጋር አብሮ አለ። ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ባለ 32 ቢቱን የሜሳ ፓኬጅ መርሳት ነው፤ ባለ 64ቱ ብቻ ካለ አዲስ ጌም እየሠራ የቆየው ጌም ምንም ሳይናገር ይዘጋል። ሁለተኛው ስቲምን በስናፕ (በኡቡንቱ የራሱ የአፕ ጥቅል) መጫን ነው፤ ስናፑ የራሱን ሜሳ ይዞ ስለሚመጣ የእናንተ ማሻሻያ አይደርሰውም። ስቲም ራሱ የሚያቀርበውን ዴብ ፋይል ውሰዱ።

ከዚያ የቩልካን መረጃ የሚያሳየውን ትእዛዝ (vulkaninfo) ተርሚናል ላይ አሂዱና የካርዱን ስም አንብቡ። «ራድቪ ፖላሪስ10» ካለ ጨርሳችኋል። «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» ብቻ ካለ ምስሉን የሚሥለው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ጌም በዚያ አይታሰብም። የዚህ የተለመደ መነሻ ኡቡንቱን «ሴፍ ግራፊክስ» በሚለው አማራጭ መጫን ነው፤ ኖሞድሴት (nomodeset) የምትባለው ቃል ግራብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ ትቀርና ኤኤምዲጂፒዩ እንዳይነሳ ታግዳለች። አጥፏት፣ ግራብን አድሱ፣ ማሽኑን አስነሱ። ካልተስተካከለ ሊኑክስ ፈርምዌር የሚለው ፓኬጅ (ካርዱ ሲነሳ የሚጫንለትን ውስጣዊ ፕሮግራም የያዘው) መኖሩን እዩ።

580 ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ 580 አይደለም። እውነተኛው 2304 ማስሊያ ኮር አለው፤ 2048 ያለው በአቅም ከ570 ጋር እኩል ነው። ሜሳ ሁለቱንም ፖላሪስ10 ስለሚላቸው ስሙ አይለያቸውም። ላክት (LACT) የሚባለውን የካርድ መቆጣጠሪያ አፕ ጫኑና የኮምፒዩት ዩኒቱን ቁጥር እዩ፤ እውነተኛው 36፣ ባለ 2048 ኮሩ 32 ነው፤ ዋጋ ላይ የምትከራከሩት ከዚያ በኋላ ነው። ካርዱ ማይኒንግ (ክሪፕቶ ማውጣት) ላይ የቆየ ከሆነ ባዮሱ (በካርዱ ላይ የተቀመጠው መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ጎኑ ላይ ትንሽ ማብሪያ ካለው ወደ ሁለተኛው ባዮስ አዙሩት።

ላክት ለጎንደር ሌላም ጥቅም አለው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የበጋው አቧራ ሲጨመርበት ካርዱ ሞቆ ራሱን ያዘገያል። የኃይል ጣሪያውን ከ10 እስከ 20 በመቶ ዝቅ አድርጉ፤ የሚቀንሰው ፍሬም ከሚቀንሰው ሙቀት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። የ580 የፋብሪካ መጠን 185 ዋት ሆኖ ላክት ከዚያ ያነሰ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፤ ፖላሪስ ላይ የሚነበበው የቺፑ እንጂ የመላው ካርድ አይደለም።

ኤንቪዲያ ላይ ምክራችን ይለያል። ጂቲኤክስ 1060 ካላችሁ ኦፕን ሶርሱ ድራይቨር ኑቮ አይሆናችሁም፤ ፈርምዌሩ በኩባንያው ፊርማ የተቆለፈ ስለሆነ የካርዱን ፍጥነት ከፍ ማድረግ አይችልም። የኩባንያውን ዝግ ድራይቨር በ580 የእትም ተከታታዩ ጫኑ (ቁጥሩ ከአርኤክስ 580 ጋር አይገናኝም)፤ ለዚያ ትውልድ የመጨረሻው እሱ ነው። ኤንቪኬ የተባለው አዲሱ የሜሳ ድራይቨር ተስፋ ያለው ከጂቲኤክስ 16 እና ከአርቲኤክስ 20 ጀምሮ ነው። ኢንቴል ኤችዲ 4000 ያለው ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ዲኤክስቪኬ ከ2.0 ጀምሮ የሚጠይቀው ቩልካን 1.3 ስለሌለ አዲስ ፕሮቶን አትሞክሩ።

ለጌም ቤት ትልቁ ችግር ከድራይቨሩ ውጭ ነው። አዲሶቹ የኢኤ እግር ኳስ ጌሞች በፀረ-ማጭበርበሪያቸው ምክንያት ሊኑክስ ላይ አይከፈቱም፤ ቫሎራንትና ፎርትናይትም እንዲሁ። ደንበኛው የሚመጣው ለእግር ኳስ ከሆነ ለእሱ ዊንዶውስ ያለው ማሽን ለዩ። ዶታ 2 እና ካውንተር ስትራይክ 2 ግን ለሊኑክስ የተሠሩ ናቸው።

ጌሞቹን ከዊንዶውስ ጋር በጋራ ኤንቲኤፍኤስ (በዊንዶውስ የፋይል አሠራር የተዘጋጀ) ዲስክ ላይ አታስቀምጡ። ፕሮቶን ሁለት ነጥብ ያለበት የፋይል ስም ይፈጥራል፤ ዊንዶውስ ያንን ስም አይቀበልምና ዲስኩን ሲፈትሽ ያበላሸዋል፣ ጌሙም በማግስቱ አይነሳም። የጌሙን ዲስክ በሊኑክሱ የፋይል አሠራር ኤክስት4 አድርጉት። አምስት ማሽን ካላችሁ ጌሙን አንዱ ላይ ብቻ አውርዱ፤ ስቲም በቤት ውስጥ ኔትወርክ ከማሽን ወደ ማሽን የማስተላለፍ አማራጭ አለው፣ የቀሩት አራቱ ያለ ኢንተርኔት ፍጆታ ማለት ይቻላል ይቀበሉታል።