ዕዳ ከሜዳ ለወረደብን ቤተሰብ የደረሱልን አማካሪ

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው አንዲት ሴት ለማመስገን ነው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ እሳቸውም እንዲጠቀስ አልፈለጉም። ደቡብ ለንደን ውስጥ፣ በምንኖርበት ሰፈር ባለው፣ ነጻ ምክር በሚሰጠው የሲቲዝንስ አድቫይስ ቢሮ ጡረታ ከወጡ በኋላ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ አማካሪ ናቸው። አንድ ሳንቲም ሳያስከፍሉኝ ለሁለት ወር ያህል ጉዳዬን እንደ ራሳቸው ጉዳይ ይዘውልኛል። ሌላውም ወገኔ እንዲህ ያለ እርዳታ መኖሩን ሳያውቅ በድንጋጤ እንዳይከፍል ብዬ፣ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

በኖቬምበር 2024 አንድ ጠዋት ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ ከበሩ ስር የጋዝ ኩባንያችን ደብዳቤ ወድቆ አገኘሁ። የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለሆነ ጠዋት ቤት የምደርሰው ዓይኔን መግለጥ እያቃተኝ ነው። ደብዳቤውን ካነበብኩ በኋላ ግን እንቅልፉ ጠፋ። «ሂሳብዎን መርምረን አስተካክለናል። ያልተከፈለ ቀሪ፦ 1,977 ፓውንድ» ይላል። ምን እንደ መረመሩ፣ ምኑን እንዳስተካከሉ አንድም ቃል የለም። በ28 ቀን ውስጥ እንድከፍል ወይም እንድደውል ብቻ ይጠይቃል።

እኔ ቢል አሳልፌ የማላውቅ ሰው ነኝ። በየወሩ መጨረሻ ደረጃው ስር ያለችውን ትንሽ ቁም ሣጥን ከፍቼ፣ የቆጣሪውን ቁጥር አንብቤ በስልኬ እልካለሁ። ክፍያውም በዳይሬክት ዴቢት በቀኑ ከባንክ ይወጣል። ውዝፍ ዕዳ የሚባል ነገር በእኔ ቤት ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ደወልኩ። ከአርባ ደቂቃ ጥበቃ በኋላ ያነሣው ልጅ በትሕትና ነበር ያነጋገረኝ፤ ነገር ግን ስሕተቱ ምን እንደ ሆነ እሱም ሊነግረኝ አልቻለም። ከፈለግሁ በ12 ወር ከፋፍዬ፣ በወር 165 ፓውንድ ከመደበኛው ክፍያ ላይ ጨምሬ መክፈል እንደምችል፣ ካልከፈልኩ ግን ቆጣሪው በቅድመ ክፍያ ሊቀየር እንደሚችል ነገረኝ። የሦስት ዓመት ልጅ አለችን። ካርድ ሲያልቅ ቦይለሩ ጠፍቶ በጥር ብርድ ስትንቀጠቀጥ ታየችኝ።

ባለቤቴ ሾፌር ነው። ማታ ሲመጣ ደብዳቤውን አሳየሁት፤ ሁለታችንም ዝም ብለን ተቀመጥን። ከዚያ ዕቁቡ ትዝ አለኝ። አሥራ ሁለት ሆነን በወር ሁለት ሁለት መቶ ፓውንድ የምንጥለው ዕቁብ አለን። የእኔ ዕጣ ማርች ላይ ነበር፤ ገንዘቡም ደሴ ላለችው እናቴ ቤት ጣሪያ ማስቀየሪያ ተብሎ ታስቦ ነበር። ጣሪያው ይቅር፣ ከዚህ ጭንቀት ልውጣ ብዬ ለዕቁባችን ዳኛ ደወልኩና ተራዬን ከአንድ ሰው ጋር እንዲያቀያይሩኝ ለመንኳቸው። እትዬ ምክንያቱን ሲሰሙ፣ «አንቺ ልጅ፣ የሚያውቅ ሰው ሳያየው አንዲት ፓውንድ እንዳትከፍይ!» ብለው ተቆጡኝ። የሲቲዝንስ አድቫይስን ቢሮ አቅጣጫ የጠቆሙኝም እሳቸው ናቸው። ለእሳቸውም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ያን ቀን ተራውን ቢያቀያይሩኝ ኖሮ ገንዘቡን በማግስቱ ከፍዬው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን፣ የሁለት ዓመት ቢሎችን እና የባንክ መግለጫ ይዤ ሄድኩ። ተራዬ ደርሶ አማካሪዋ ፊት ስቀመጥ ስለ ዕዳው ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ግን «ቆጣሪው ምን ይመስላል?» የሚል ሆነ። ግራ ገባኝ። ባለቤቴ ቤት ስለነበር ደውዬ ፎቶ እንዲልክልኝ አደረግሁ። አማካሪዋ ፎቶውን በኮምፒውተራቸው ላይ አጎሉት። አራት ጥቁር ቁጥሮች፣ ከእነሱ ቀጥሎ ሁለት ቀያዮች፣ ከጎናቸው ደግሞ በጣም ደቃቅ ሆና የተጻፈች የመለኪያ ምልክት አለች። እኔ ያን ቆጣሪ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳነብ ያቺን ምልክት አንድም ቀን ልብ አላልኳትም። ምልክቷ ኪዩቢክ ጫማ ማለት ነበረች። ከዚያ ከቢሌ ሁለተኛውን ገጽ ገልጠው፣ የእርሳሳቸውን ጫፍ አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። እዚያ የተጻፈው ሜትር ኪዩብ ነው።

ነገሩን እንዲህ አድርገው አስረዱኝ፤ ሌላ ሰውም ቤት ሊኖር ስለሚችል በደንብ ልጻፈው። የጋዝ ቆጣሪ የሚለካው በውስጡ ያለፈውን የጋዝ መጠን እንጂ ሙቀቱን አይደለም። የምንከፍለው ግን በኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ኩባንያው የቆጣሪውን ቁጥር ወደ ኪሎዋት ሰዓት ይለውጠዋል። አዲሶቹ ቆጣሪዎች በሜትር ኪዩብ ይቆጥራሉ፣ ብዙ ጊዜም አምስት ቁጥር ያሳያሉ። የድሮዎቹ ደግሞ በመቶ ኪዩቢክ ጫማ ይቆጥራሉ፣ የሚያሳዩትም አራት ቁጥር ነው። የድሮው ቆጣሪ አንድ ሲቆጥር 2.83 ሜትር ኪዩብ ጋዝ አልፏል ማለት ነው። አማካሪዋ ወረቀት ላይ አሰሉልኝ፦ ቆጣሪው መቶ ቢቆጥር በሜትር ኪዩብ ሂሳብ ወደ 1,120 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ በኪዩቢክ ጫማ ሂሳብ ግን ወደ 3,170 ይደርሳል። የእኛ ቆጣሪ የድሮው ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ኩባንያው መዝገቡ ላይ እንደ አዲሱ አድርጎ አስገብቶታል። ለአራት ዓመት ከተጠቀምነው ጋዝ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ያህል ሲያስከፍለን ኖሮ፣ ስሕተቱን ሲያገኘው የአራቱን ዓመት ልዩነት በአንድ ደብዳቤ ላከልን።

«ታዲያ ጋዙን በእውነት ተጠቅመነዋል ማለት ነው?» አልኳቸው። «አዎ» አሉኝ፤ አልደለሉኝም። ልቤ ወረደ። እኔ የሰው ገንዘብ መብላት የምፈልግ ሰው አይደለሁም፤ የተጠቀምኩትን ልክፈል ባይ ነኝ። ይህንንም ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ ሕጉ ስለ ሁለት ወገን እንደሚያስብ አስረዱኝ። ቢሌ ትክክል ቢሆን ኖሮ ማሞቂያውን መቀነስ፣ ርካሽ ታሪፍ መፈለግ፣ በጀቴን ማስተካከል እችል ነበር። ያን ዕድል የነሣኝ የእነሱ ስሕተት ነው። ስለዚህ የኢነርጂ ገበያ ተቆጣጣሪው ኦፍጄም በ2018 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ጥፋቱ የኩባንያው ከሆነ ቢሉ ከተላከበት ቀን ከ12 ወር በፊት ለተጠቀምንበት ጋዝ ወይም መብራት፣ በጊዜው በትክክል ያልጠየቀውን ገንዘብ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያስከፍለን አይችልም። ደንቡ የማይሠራው ደንበኛው ራሱ ጥፋተኛ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ቆጣሪ አንባቢ ደጋግሞ የከለከለ ወይም ጋዝ የሰረቀ እንደ ሆነ። እኔ በየወሩ የቆጣሪውን ቁጥር እልክ እንደ ነበር የስልኬ መዝገብ ያሳያል። በዚያ ላይ፣ አሉ አማካሪዋ፣ በየወሩ አራት ቁጥር ብቻ ሲላክላቸው ቆጣሪው የድሮው ዓይነት መሆኑን ማወቅ የነበረባቸው እነሱ ናቸው። ይህን ሲሉ የተሰማኝን እረፍት በቃል ለመግለጽ ይከብደኛል። ለሁለት ሳምንት ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብዬ ስሳቀቅ ነበር።

የቅሬታውን ደብዳቤ አብረን ጻፍን። አጭር ነበር፤ ቁጣም ልመናም አልነበረበትም። የቆጣሪው ፎቶ፣ የቢሉ ሁለተኛ ገጽ፣ የላክኋቸው ንባቦች ዝርዝር፣ የደንቡ መጠሪያ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ፦ ከ12 ወር በፊት ያለው ይሰረዝ፣ የቀረው እንዴት እንደ ተሰላ በዝርዝር ይገለጽ፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ ዕዳ የማስከፈል እርምጃ ይቁም። ትንሽ ልጅ ስላለችን፣ ተጨማሪ ጥበቃ የሚያስፈልጋቸው ደንበኞች በሚመዘገቡበት የቅድሚያ አገልግሎት መዝገብ ላይ እንድንመዘገብም በዚያው ጠየቁልን። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀው አስጠነቀቁኝ፦ ቅሬታ አለኝ ብለሽ የየወሩን ክፍያ እንዳታቋርጪ፤ ዛሬ የምትጠቀሚበትን እየከፈልሽ ነው የትናንቱን የምትከራከሪው። ባለቤቴ ዳይሬክት ዴቢቱን ልናቋርጠው ነው ብሎ ስለነበር፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ አስገብተው ለእሱም አስረዱት።

የኩባንያው የመጀመሪያ መልስ ለስሕተቱ ይቅርታ ጠይቆ 50 ፓውንድ እንደሚቀንስልን የሚናገር ነበር። ቀሪውን ግን ይፈልጋል፤ በየወሩ ቢል ሲላክልሽ ስለነበር ደንቡ አንቺን አይመለከትም ይላል። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ እዚህ ላይ እጄን እሰጥ ነበር። አማካሪዋ ደብዳቤውን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና፣ የተሳሳተ ቢል መላክ ትክክለኛውን ሂሳብ እንደ መጠየቅ እንደማይቆጠር የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ጻፉ። ቀን መቁጠሪያው ላይም ቅሬታው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ስምንተኛውን ሳምንት በቀይ አከበቡ። ኩባንያው በስምንት ሳምንት ውስጥ ካልፈታው፣ ወይም ከዚያ በፊት የመጨረሻ አቋሜ ይህ ነው ብሎ በጽሁፍ ከሰጠ፣ ጉዳዩ ወደ ኢነርጂ ኦምቡድስማን ይሄዳል፤ እኛ እንባ ጠባቂ የምንለው ዓይነት ተቋም ነው። ለደንበኛው ነጻ ነው፣ ደንበኛው ውሳኔውን ከተቀበለ ደግሞ ኩባንያው የመፈጸም ግዴታ አለበት። ማመልከቻውን ከወዲሁ ሞልተው አስቀመጡት።

በዚህ መሃል የገቢና የወጪ ዝርዝር ሠራን፤ የሚቀረውን ዕዳ በምን ያህል እንደምከፍል ለማወቅ። እኔ በወር 60 ፓውንድ እችላለሁ አልኩ። ኩራት ነበር። እሳቸው ምግቡን፣ ኪራዩን፣ የልጆቹን ጫማ፣ የአውቶቡሱን አንድ በአንድ ደመሩና 60 የለም አሉኝ። ለእናቴ የምልከውን ገንዘብ ሳልናገር ቀርቼ ነበር፤ ዕዳ እያለብሽ ገንዘብ ወደ ውጭ ትልኪያለሽ ይሉኛል ብዬ አፍሬ። የባንክ መግለጫው ላይ አዩት። ቀስ ብለው «ይህ በየወሩ ነው?» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ አዎ ስላቸው ከምግቡ መስመር በታች አንድ መስመር ጨምረው «የእናት መደገፊያ» ብለው ጻፉት። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ከዚህ ሁሉ ውለታቸው እስከ ዛሬ ዓይኔን እንባ የሚያስሞላኝ ያቺ መስመር ናት። ኩባንያው የክፍያ ስምምነት ሲያደርግ የደንበኛውን የመክፈል አቅም ግምት ውስጥ ማስገባት እንዳለበት ያወቅሁትም ያን ዕለት ነው።

በሰባተኛው ሳምንት መልስ መጣ። ከ12 ወር በፊት ያለው ሁሉ ተሰርዟል። የቀረው 504 ፓውንድ ነው፤ ይህንንም በወር 21 ፓውንድ በሁለት ዓመት እንድከፍል ተስማሙ። የመዝገቡ ስሕተትም ታርሟል። የወር ክፍያችን እርግጥ ከፍ ብሏል፤ እውነተኛው ፍጆታችን ስለሆነ ምንም ማለት አይቻልም። አሁን ግን የምከፍለውን አውቄ እከፍላለሁ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላም ሳሎኑን ማሞቅ ትተናል።

በማግስቱ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩላቸው። ለግል ስጦታ መቀበል እንደማይችሉ በትሕትና ነገሩኝና፣ ዳቦውን ሻይ የሚፈላበት ክፍል ወስደው ለባልደረቦቻቸው ሁሉ ቆረሱት። አብዛኞቹ እንደ እሳቸው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ናቸው።

እንግሊዝና ዌልስ የምትኖሩ፣ ከጋዝና ከመብራት ጋር የተያያዘ ያልተጠበቀ ዕዳ ከመጣባችሁ የሲቲዝንስ አድቫይስ የሸማቾች መስመር 0808 223 1133 ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይሠራል፣ መደወሉም በነጻ ነው። ፊት ለፊት መነጋገር የምትመርጡ በየሰፈሩ ወዳለው ቢሮ ሂዱ፤ ደብዳቤውን፣ ያሏችሁን ቢሎች ሁሉ እና የቆጣሪውን ፎቶ ይዛችሁ። ፎቶው መለኪያው የተጻፈበትን ቦታ እና የቆጣሪውን መለያ ቁጥር በግልጽ የሚያሳይ ይሁን። የድሮ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ ደብዳቤ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ዛሬ ማታ ቆጣሪያችሁን ከቢላችሁ ሁለተኛ ገጽ ጋር አስተያዩት።

ለእሳቸው፦ ይህን ጽሁፍ ትልቋ ልጄ ተርጉማ እንደምታነብልዎ ቃል ገብታልኛለች። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ዕቁቡ በተራው ማርች ላይ ደርሶኛል፤ የእናቴ ቤት ጣሪያም ከክረምቱ በፊት ተቀይሯል።